የዳልቻ ሐይቅ ጉርድ ፎቶ

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ሳይጠፋብኝ ልጻፈው። ከዚያ በፊት ግን ሁለት ነገር ላስታውቅ። አንደኛ፣ ራቴ ቀላል ነበር፤ ስለዚህ “ሆዱ ነው” የሚል ሰው ሌላ ምክንያት ይፈልግ። ሁለተኛ፣ እኔ ሕልም የሚያስደነግጠኝ ሰው አይደለሁም። “ሕልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም” ይባላል፤ እኔ መጀመሪያውኑ ሳልፈራ ነው የምተኛው።

ስሜ ላቀው ነው። በዳልቻ ሐይቅ ዳር ባለችው ከተማችን “ላቀው ፎቶ ቤት” የሚለውን ሰሌዳ ያላየ የለም። እንጀራዬ ጉርድ ፎቶ ነው። ግድግዳዬ ላይ አንድ ጥቁር ኮትና አንድ ቀይ ክራባት በምስማር ተሰቅለዋል፤ ኮት የሌለው ደንበኛ ያንን ለብሶ ይነሣል። ከሰፋው ከኋላ በልብስ መቆንጠጫ እይዝለታለሁ፤ ካሜራ ጀርባ አያይም። በከተማችን መታወቂያ ያለው ወንድ ሁሉ የለበሰው ያንን አንድ ኮት ነው። ፖሊስ “ጥቁር ኮት የለበሰ ሰው ፈልጉ” ቢል ከተማው በሙሉ ይታሠራል።

ነፍሴ ያለችው ግን ወፍ፣ ዛፍና ውኃ ማንሣት ላይ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ወርጄ ዳልቻን አነሣኋት። ውኃዋ እስከ ዋርካው ሥር ሞልቶ፣ ጉሙ ጀርባዋ ላይ ተጋድሞ፣ ፔሊካን የምትባለው ትልቅ ወፍ በስተግራ ተንሳፍፋ። ካላንደር የሚያሳትመው አቶ ይፍሩ አይቶ “ይህቺማ ግድግዳ ላይ መሰቀል አለባት” አለ። ተሰቀለች። በዓመቱ “አዲስ ላክልኝ” አለኝ። ወረድኩ። ውኃው ትንሽ ሸሽቷል፤ ዳር ዳሩን ጭቃ ይታያል፤ አላማረኝም። ተመልሼ የዱሮውን ፎቶ ከፈትኩና ፔሊካኗን ከግራ ወደ ቀኝ አሻገርኳት። ማንም አላወቀም። በሦስተኛው ዓመት ወደ መሀል አመጣኋት። እንዲህ እንዲህ እያልኩ አሥራ አንድ ካላንደር አወጣሁ። ፔሊካኗ ዋኘች፤ ሐይቋ ባለችበት ቆየች።

ባለችበት ቆየች የምለው በካላንደሩ ነው። በእውኑ ከዋርካው ሥር ተነሥቶ ውኃ እስኪረግጡ ድረስ ዛሬ ግማሽ ሰዓት ያስኬዳል። ከማዶ ያለው ትልቅ እርሻ በአራት ቱቦ ይጠጣታል፤ አሁን ደግሞ አምስተኛ ይፈቀድልኝ ብሏል። ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቴ ገመዳ ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ “ሐይቃችን እያለቀች ነው፣ ቱቦው ይቁም” ብሎ አመለከተ። ጉዳዩን የሚያይ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ አቶ ይፍሩም አለበት። የዛሬ አሥር ቀን ግድም ገመዳ ፎቶ ቤቴ መጣ።

“ላቀው፣ ካሜራህን ያዝና እንውረድ። እንዳለች አንሣልንና ለኮሚቴው እናቅርብ።”

“ሰኞ” አልኩት።

“የቱን ሰኞ?”

“ሰኞ ሰኞ ነው፤ ምን ዓይነት አለው?”

ሄደ። አንድ ሰኞ አለፈ። ትናንት እሑድ ነበር፤ በጊዜ ተኛሁ። ሕልሙም መጣ።

በሕልሜ ጧት ፎቶ ቤቱን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ ረጅም ሰልፍ ነበር። የተሰለፉት የመሥሪያ ቤት ሠራተኞች ናቸው። እያንዳንዱ ማኅተሙን በእጁ ይዞ ፀሐይ ላይ ቆሟል። አንዳንዱ ወንበሩን ተሸክሟል።

“ምን ሆናችሁ?” አልኩ።

“ባለጉዳይ እየጠበቅን ነው” አለ የፊተኛው፤ ላቡ በክራባቱ ጫፍ ይንጠባጠባል። “ከነጋ ቆመናል። ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ግን አያናግሩንም። ‘ነገ ተመለሱ’ ይሉናል።”

“ምክንያቱን አልጠየቃችሁም?”

“ጠየቅን። ‘ሲስተም የለም’ አሉን።”

ገባሁ። ባለጉዳዮቹ አግዳሚ ወንበሬ ላይ ተቀምጠው ነበር፦ ጋራው፣ ግራሩ፣ ንስሩ፣ ከዓሣ ገበያ የማይጠፋው ራሰ በራ ወፍ አባ ኮዳ፣ ከኋላቸው ደግሞ ስሙን የማላውቀው ቁጥቋጦ ሁሉ። ግድግዳዬ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። “ማንኛውም ጋራ፣ ዛፍ፣ ወፍና ውኃ እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ድረስ ሁለት ጉርድ ፎቶ ለመዝገብ ቤቱ ካላቀረበ እንደሌለ ይቆጠራል” ይላል። ከታች ፊርማ የለውም፤ የኤሊ እግር ምልክት አለው።

አልተደነቅኩም። እኔ ለወፍ ስል ስንት ጊዜ ጭቃ ውስጥ በደረቴ ተኝቻለሁ፤ አንድ ቀን እነሱ ቢመጡ ምን አለበት?

“ተራ በተራ” አልኩ።

መጀመሪያ ከከተማችን በስተጀርባ ያለው ጋራ ተነሣ። ጎንበስ አለ፣ ጉልበቱን አጠፈ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። በርጩማው ምንም አላለም። ኮቱን አለበስኩት፤ ሰፋው። ከኋላ በአራት መቆንጠጫ ያዝኩለት።

“ጋሼ፣ ባርኔጣዎን ያውልቁ።”

“ደመና ነው።”

“ይሁን። በጉርድ ፎቶ ራስ መሸፈን ክልክል ነው።”

“ይበርደኛል እኮ። ጥዴን ከጨረሳችሁት ወዲህ ራሴ ባዶ ነው።”

“ለአንድ አፍታ ነው። ጆሮዎን ደግሞ ያሳዩኝ፤ ሁለቱም መታየት አለባቸው።”

“ጆሮ የለኝም።”

“ታዲያ እስካሁን ያልኩትን በምን ሰሙ?”

ጋራው አሰበ። ሲያስብ ሁለት ድንጋይ ተንከባለለ። “እሱስ እውነትህን ነው” አለና፣ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጆሮውን አወጣ። አነሣሁት። ጥሩ ወጣ፤ ትንሽ ዓይኑን ጨፍኗል።

ግራሩ ቀጠለ። ኮቱን ሲለብስ አላስቸገረም፤ ሲያወልቅ ግን እሾሁ አልለቅም አለ። ጎተትን፤ አልሆነም። ከዚያ ወዲያ ሌሎቹ ሁሉ ኮቱን ከነግራሩ ለበሱት። በእነሱ ፎቶዎች በሙሉ ከትከሻ ኋላ ግራር ይታያል።

ንስሩን “ፈገግ በል” አልኩት።

“በየቱ ከንፈሬ?” አለኝ። እንዳኮረፈ አነሣሁት። በኋላ ሳየው ፈገግታው ያ ኖሯል።

አባ ኮዳ እጁን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ጡረታ እንደወጣ ጸሐፊ እየተጎማለለ መጣ።

“አንተ ላቀው፣ ፀጉር አድርግልኝ።”

“ምን ዓይነት ፀጉር?”

“ጎፈሬ።”

“በር ላይ መታወቂያህን ያየ ዘበኛ ‘ይህ አንተ አይደለህም’ ብሎ ቢመልስህስ?”

“እኔን? እኔ እኮ ተጠርቼ ገብቼ አላውቅም።”

ጎፈሬ አደረግኩለት። አምሮበት ወጣ። ሥራዬን እወዳለሁ።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን አግዳሚው ባዶ ሆነ። መብራቱን ላጠፋ ስል ገመዳ ገባ። በጀርባው ሕፃን እንደሚያዝል ሰው ጋቢ ታጥቆ አንድ ቢጫ ጀሪካን አዝሏል።

“ይህቺን አንሣልኝ” አለ።

“ምንድን ናት?”

“ዳልቻ ናት።”

ጀሪካኑ ውስጥ የሆነ ነገር ተላወሰ። “እንደምን ዋልክ ልጄ?” አለ ከጉድጓድ የሚወጣ የመሰለ ድምፅ።

“እግዚአብሔር ይመስገን እማማ” አልኩ። ዋና የተማርኩት እሷ ውስጥ ነው፤ ሁለት ጊዜ ልታሰጥመኝ ሞክራ ሁለቴም ትታኛለች። እንዲህ ዓይነት ውለታ አይረሳም።

ገመዳ ክዳኑን ከፈተ። ከውስጥ የረጠበ ወረቀት ተገፍቶ ወጣ። የእኔ ካላንደር ነው።

“ይህንን ይዤ መዝገብ ቤት ሄጄ ነበር” አለች ዳልቻ። “‘ይህቺ ወፍራም ሴት ማን ናት?’ አሉኝ። ‘እኔ ነኝ’ ስላቸው ሳቁ። ‘ፎቶ ከስድስት ወር ወዲህ የተነሣ መሆን አለበት፤ አዲስ ይዘሽ ነይ’ አሉኝ።”

“በኔ ሥራ ነው የሳቁት? ምን አነሰው?”

“ሥራህ ምንም አላነሰውም ልጄ። እኔ ነኝ ያነስኩት።”

“ሰዓት የለንም” አለ ገመዳ። “አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ‘የለችም’ ብለው ማኅተም ይመቱባታል። ከተመታባት ማን አቤት ይላል? ለሌለ ነገር አቤት አይባልም።”

“እኔ እያለሁ?” አልኩ። የልብስ ማጠቢያውን ሳፋ በርጩማው ላይ አኖርኩና ቀስ አድርጌ ገለበጥኳት። ግማሹን እንኳ አልሞላችም። አብሯት አንድ የደነገጠ ዓሣ ወጣ። ብልጭ አደረግኩ። ኮምፒውተሩ ላይ አየኋት። ሳፋ፣ ጭቃ፣ ዓሣ። አላማረኝም። አንድ ነገር ላድርግ ብዬ አላሰብኩም፤ እጄ ግን ከሐሳቤ ቀድሞ ሄደ። ዳሯን ለጠጠ፤ ውኃውን እስከ ዋርካው ሥር አፈሰሰ፤ ጉም አለበሳት፤ ፔሊካኗን በስተቀኝ አስቀመጠ።

“ምን እያደረግህ ነው?” አለ ገመዳ።

“ትንሽ ላስተካክላት ብዬ ነው።”

“አንተ ሰውዬ፣ የእናትህን ጉርድ ረሳኸው? ስድስት ጥርስ ጨምረህላት ጤና ጣቢያ በር ላይ ዘበኛው ‘የሌላ ሰው ካርድ ይዘሽ መጣሽ’ ብሎ አልመለሳትም?”

“ጥርሶቹ አምረው ነበር።”

“አዎ፣ አምረው ነበር። ሕመሙ ግን የእሷ ነበር።”

ፎቶውን አተምኩት፤ ገመዳም ዳልቻን ከነዓሣዋ ወደ ጀሪካኑ መልሶ አዘላት።

ሮጥን። ገመዳ ጀሪካኑን አዝሎ ከፊት፣ እኔ ካሜራዬን አንግቼ ከኋላ። በአስፋልቱ ዳር ሰዎች እስከ ጉልበታቸው ተተክለው ነበር። ባሕር ዛፎች ባልዲ ይዘው በተራ ያጠጧቸዋል። አንድ የማውቀው ጠበቃ “ላቀው፣ በናትህ ጥላ ወዳለበት አዛውረኝ” አለኝ። “ሥር ከሰደድክ በኋላ ይከብዳል” አልኩትና አለፍኩ። የቆቅ ቡድን ካሜራውን መንገድ ዳር የቆመ አንድ ሰው ላይ አነጣጥሮ ሣር ውስጥ አድፍጧል። “ዝም በሉ” አለች አንዷ፣ “ወንዴው ነው። ሆዱን አያችሁት? አሁን ስልኩ ይጮህና ያወራል፤ ያን ጊዜ አንሡት።” ስልኩ ጮኸ። አወራ። ቆቆቹ በደስታ ተቃቀፉ። ወደ ታች የገመዳ ጀልባ መንገድ መሀል ቆሟል፤ ሽንኩርት አብቅሏል፤ ሁለት ፍየሎች ገብተው በመቅዘፊያ ይኮተኩቱታል።

መዝገብ ቤቱ በር ላይ ጅግራ ፈተሸችን። “የሚቆርጥ ነገር ይዛችኋል?” አለች።

“አልያዝንም።”

“የሚፈስስ?”

ገመዳ ወደ ጀርባው ጠቆመ። “ትግባ” አለች።

መዝጋቢዋ ያቺ እግሯን ማስታወቂያው ላይ ያየሁት ኤሊ ነበረች። ከፊቷ ሁለት ማኅተም ተቀምጧል። አንዱ “አለ” ይላል፤ አንዱ “የለም”። ፎቶውን ተቀበለች። ፎቶውን አየች። ጀሪካኑን አየች። አንገቷን አስረዝማ በጀሪካኑ አፍ ወደ ውስጥ ተመለከተች። ከዚያ አንገቷን ቅርፊቷ ውስጥ ከተተችና ውስጥ ሆና ብቻዋን ተመካከረች።

“ይህቺ ሌላ ናት” አለች ስትወጣ።

“እሷው ናት!” አልኩ። “እኔ ነኝ ያነሣኋት፤ በዚህ እጄ!”

“አንተ ያነሣሃት አንድ ናት፤ ያመጣሃት ሌላ። ያነሣሃትን አምጣና እመዘግባለሁ። ወይም ያመጣሃትን አንሣ።” “የለም” የሚለውን ማኅተም ወደ ራሷ ሳበች። “ለአሥራ አንድ አሥር ጉዳይ ነው። ማኅተሙን አንሥቼ እስካሳርፍ ሦስት ደቂቃ ይፈጅብኛል። አሥራ ሦስት በለው።”

“‘የለም’ ከተመታባትስ?” አለ ገመዳ።

“ምንም። ጀሪካኑን ለጋዝ ትጠቀሙበታላችሁ።”

ገመዳ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ክዳኑን በሁለት እጁ ይዞ “ላቀው፣ አደራህን” አለ።

ወደ ፎቶ ቤት መመለስ አይቻልም። የመዝገብ ቤቱ ደጅ ላይ ዳልቻን በቀስታ አፈሰስኳት። ምን ሰዓት እንደሰፋች አላየሁም፤ ደጁ ዳርቻ ሆነ፣ ደረጃው ጭቃ።

“ኮቱን ልልበስ?” አለች።

“ግራር አለበት፤ ይቅርብዎ።”

“ጉሙንስ?”

“ይቅር።”

“ፔሊካኗ?”

“ከመጣች ትምጣ። ካልመጣች አልጠራትም።”

ተንበረከክኩ። አንድ ጊዜ ብቻ ተጫንኩት። ካሜራው ፎቶውን በአፉ አወጣው፤ በሕልም ካሜራ ያትማል።

የተሰነጠቀ ጭቃ። ውኃው የነበረበትን የሚያሳይ ነጭ የጨው መሥመር፣ ከእሱ በታች ሌላ፣ ከእሱም በታች ሌላ። ጭቃው ላይ በጎኑ የተጋደመ ጀልባ። መሀል ላይ የገበታ ያህል ውኃ፤ ውስጡ ሰማይ አለ። ዳርና ዳሯ፣ ሁለቱም ጆሮዋ በደንብ ይታያል። ራሴን ማመስገን አልወድም፤ ግን በዕድሜዬ ከዚያ የተሻለ ፎቶ አላነሣሁም።

ኤሊዋ ፎቶውን አየች። ዳልቻን አየች። ፎቶውን አየች።

“እሷ ናት” አለች።

ኤሊዋ “የለም”ን ወደ ዳር ገፍታ “አለ” የሚለውን ማኅተም አነሣች። ማኅተሙ መውረድ ጀመረ። ክንድ ቀረው። ስንዝር ቀረው። የጣት ያህል ሲቀረው ቆመ።

“ሁለት ነው የሚያስፈልገው” አለች። “ሁለተኛው የታለ?”

“አለ፤ አለ” አልኩና ኪሴ ገባሁ። የሆነ ወረቀት ያዝኩ። ሳወጣው ካላንደሩ ነው። መልሼ ገባሁ፤ አሁንም ካላንደር ወጣ። በሌላው ኪሴም ካላንደር። ኤሊዋ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። እጇን ወደ ሌላኛው ማኅተም ዘረጋች። የሆነ ነገር ይጮህ ጀመር።

“ላቀው! አንተ ላቀው!” ባለቤቴ አስካለ ትከሻዬን ትነቀንቀኛለች። “ስልክህን አንሣው እንጂ፤ ሰፈሩን ቀሰቀሰው። አቶ ይፍሩ ነው።”

ነግቷል። ስልኩን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ።

“ላቀው፣ እንዴት አደርክ? እንኳን ደስ አለህ!”

“ለምኑ?”

“ኮሚቴው ዓርብ ወሰነ እኮ! ያውም በአንተ ሥራ ነው የወሰነው። ገመዳና ሰዎቹ ቀርበው ‘ሐይቋ ቀንሳለች’ አሉ። ‘ማስረጃ አምጡ’ አልናቸው። ‘ፎቶ አንሺው ሰኞ ብሎናል’ አሉ። እስከዚያ ማን ይጠብቃል? ያንተን አሥራ አንዱን ካላንደር ግድግዳ ላይ በተርታ ሰቀልን፤ ባለሙያ መጣ፤ በማስመሪያ ለካ። አንድ ጣት አልቀነሰችም! አምስተኛው ቱቦ ተፈቀደ። ዛሬ ይቀበራል።”

ተነሥቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

“ባለሙያው... ሌላ ምንም አላየም?” አልኩ።

“ያላየው ምን አለ? ባለሙያ እኮ ነው!” ወረቀት ሲገላበጥ ሰማሁ። “ይኸውልህ፣ ጽፎታል። ‘ባለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የታየው ብቸኛ ለውጥ ፔሊካኗ ቦታ መቀያየሯ ነው።’ ለእሷ ጥበቃ እንዲደረግላት ወስነናል። በል፣ የዘንድሮውን ፎቶ ቶሎ ላክልኝ።”

ስልኩን ሳልዘጋው በሩ ተንኳኳ።

“ላቀው” አለ ገመዳ ከውጭ፣ “ተነሣ እንጂ። ሰኞ ነው።”